ከጨሌ እስከ ካራት፦ የሙሽራ ጌጥ ከአዱሊስ እስከ ዲላ

የዲላ ሙሽራ በሠርጓ ቀን የምታጠልቀው ጌጥ ሁሉ አንድ ዘመን ላይ ገንዘብ ነበር። ዶቃው ገንዘብ ነበር፤ ጠገራው ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንገቷ ላይ የሚያበራው ወርቅ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከይርጋጨፌ፣ ከወናጎ ወይም ከኮቾሬ ጓሮ የተለቀመ ቡና ነው። ቡናው ይሸጣል፣ ጥር ይገባል፣ ሽማግሌ የላከው ቤት ጥሎሹን ማሰናዳት ይጀምራል፤ ከጥሎሹም ሁሉም ሰው አንገቱን አስግጎ የሚያየው ወርቁን ነው። ነገሩ እዚህ ለመድረስ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ፈጅቷል። መነሻው ከዲላ እጅግ ሩቅ፣ ቀይ ባሕር ዳር ነው።

እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስሙን ያልተወልን አንድ ነጋዴ ከግብፅ እስከ ሕንድ ያሉትን ወደቦች እየተከተለ የት ምን እንደሚሸጥና እንደሚገዛ በግሪክኛ ጻፈ። የአክሱም ወደብ በነበረችው አዱሊስ ላይ ሲደርስ ወደ ወደቡ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ነሐስን ይጠቅሳል፤ ያገሩ ሰው ለጌጥ ይገዛዋል፣ እየቆራረጠም በገንዘብ ፋንታ ይገበያይበታል። ለስላሳ የመዳብ ዝርግም ይገባል፤ ከፊሉ የማብሰያ ዕቃ ይሆናል፣ ከፊሉ ተቆርጦ የሴቶች አምባርና አልቦ ይወጣዋል። ልዩ ልዩ የመስታወት ጌጥም ይራገፋል። ከሕንድ በኩል ደግሞ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይመጣል። በዚህ አጭር ዝርዝር ውስጥ ያ ነጋዴ ልብ ሳይል አንድ ትልቅ ነገር አስቀምጦልናል፦ በዚህ አገር የሴት ጌጥና ገንዘብ ከአንድ ጥሬ ዕቃ ሲቆረጡ እናያለን።

በዚያው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ዲላ ባለችበት በጌዴኦ ምድር፣ ሰዎች ድንጋይ ያቆሙ ነበር። በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በሳካሮ ሶዶ የሚገኙት ትክል ድንጋዮች ከመጀመሪያው ክፍለ ዘመን እንደሚጀምሩ አሳይቷል፤ ቀደም ሲል ከሚገመተው ወደ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መግፋቱ ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ዘመናት ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ በድንጋይ ተሞሉ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ላይ የሰው ፊትና የሰው አካል ተቀርጿል። በሰሜን ነጋዴው መዳብ ሲያራግፍ በደቡብ ደጋ ላይ የራሱን ሰው በድንጋይ የሚዘክር ማኅበረሰብ እንደነበረ ማወቅ፣ የደቡብን ታሪክ ከምኒልክ ዘመቻ ለሚጀምር ሁሉ ጥሩ መልስ ነው።

አክሱም በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ የራሷን የወርቅ ሳንቲም መምታት ጀመረች። ሳንቲሞቿ ባሕር ተሻገሩ፤ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ጠረፍ፣ በማንጋሎር አካባቢ፣ ከሮም ወርቅ ጋር ተቀላቅለው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ በደብረ ዳሞ ከመቶ በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ፤ ከሰሜን ሕንድ ተነስተው ትግራይ ተራራ ላይ የተቀመጡ ማለት ነው። በደቡብ ሕንድ ከተገኙት የሮም ወርቆች ብዙዎቹ ለማንጠልጠያ ተበስተዋል። የታሚል ሙሽሮች እስከ ዛሬ ድረስ «ካሱ ማላ» የሚሉትን፣ ከወርቅ ሳንቲም የተደረደረ ረጅም የአንገት ጌጥ ያጠልቃሉ፤ በዛሬው ጌጥ ላይ የንጉሥ ፊት ቀርቶ የላክሽሚ ምስል ገብቷል። ሳንቲምን በስቶ ሴት አንገት ላይ ማንጠልጠል ሁለቱም አገሮች በየራሳቸው መንገድ የደረሱበት ብልሃት ነው።

ከአክሱም መዳከም በኋላ የመጡት ረጅም ዘመናት አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ በሲራራ ነጋዴ ጀርባ አገሩን የዞሩባቸው ናቸው። ከሩቅ ወደብ የገባ ዶቃ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ፣ በየገበያው ዋጋው እየጨመረ ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። ጨሌ የምንለው ባለቀለም የመስታወት ዶቃ እንዲህ ነው የደቡብ ሴት አንገትና ግንባር ላይ የደረሰው፤ ለዓይን ያምራል፣ ከብት ለማይነዳ መንገደኛ ዝርዝር ገንዘብም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ላይ የወረደው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የዶቃ ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ጽፏል። የሴቶቹ ምርጫ ይለዋወጣል፤ ዘመኑ ያለፈበትን ቀለም ወይም መጠን ይዞ የመጣ ነጋዴ ሸቀጡ ሁሉ እጁ ላይ ይቀራል። ፋሽን በፒያሳ መስታወት የጀመረ የሚመስለው ካለ ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው፤ የትግራይ ሴቶች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴ ሲያከስሩ ነበር።

ከብሩስ ጉዞ ጥቂት ዓመታት በኋላ የጌጡን ዓለም የለወጠው ሳንቲም መጣ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ምስሏ ያለበት ትልቁ የብር ሳንቲም ግን ከዚያ ወዲህ ያችኑ ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። የእኛ ሰው ጠገራ አለው። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 83 በመቶ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው፤ ይህም በወቄት ለሚመዝን ሰው ምቹ ልክ ነበር። ተቀባዩ ሳንቲሙን አገላብጦ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፤ የደበዘዘ ወይም የጎደለ ከሆነ ይመልሰዋል። ሰው ሳንቲሙን የሚቀበለው በላዩ ላይ ባለው ጌጥ ጥራት ነበር፤ ከተቀበለውም በኋላ ብዙ ጊዜ ጌጥ ያሠራበታል።

አሠሪዋ ለአንጥረኛው ጠገራዋን ትሰጣለች፤ አምባሩ ስንት ጠገራ እንደሚፈጅ ሁለቱም ያውቃሉ። አንጥረኛው ሳንቲሙን ትንሽ የሸክላ ጥዋ ውስጥ ይከታል፣ ጥዋውን ፍም ውስጥ ይቀብራል፣ ወናፉን ይነፋል። ብሩ ወደ መቅለጫው ሙቀት ሲቃረብ የንግሥቲቱ ፊት መጀመሪያ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ ይሰምጣል፣ በመጨረሻ የምትንቀጠቀጥ ብሩህ ኳስ ትሆናለች። ቀልጦ የፈሰሰው ብር በመዶሻ ይረዝማል፤ ከዚያ ጫፉ ቀጥኖ በተበሳ የብረት ሰሌዳ ቀዳዳ ውስጥ ይሳባል፣ ከትልቁ ቀዳዳ ወደ ትንሹ እየተሸጋገረ እንደ ክር እስኪቀጥን። ሁለት ክር ተገምዶ አንድ ይሆናል፤ የተገመደው ተጠፍጥፎ ጠርዙ ጥርስ ያወጣል፤ ያ በጉጠት እየተጠቀለለ አበባ ይሆናል። አበባዎቹ መሀል የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል የብር ጠብታ ትቀመጣለች፤ ቦራክስ ይነሰነሳል፣ እሳቱ ይነካዋል፣ ሁሉም አንድ አካል ሆኖ ይያያዛል። ይህን ያየ ሰው የሙሽራ ጌጥ ዋጋ ለምን ከሚዛኑ በላይ እንደሚሆን አይጠይቅም።

ከዚህ እጅ የወጡት ጌጦች ስማቸው ዛሬም ከአያቶች አፍ አልጠፋም። ለአንገት ድሪና መስቀል፣ ለጆሮ ጉትቻና ሎቲ፣ ለፀጉር ወለባ፣ ለክንድ አምባር፣ ለእግር አልቦ። የክታብ ጽሑፍ የሚያዝበት የብር መያዣም ነበር፤ የጆሮ ኩክ ማውጫ እንኳ ተውቦ በአንገት ይንጠለጠል ነበር። በሐረር ከተማ ሙሽራዋ የምታጠልቀው እንደ ጥልፍ የተሠራ ብርና የወሎ እናቶች የሚወዱት የአምበር ዶቃ የየራሳቸው ሙያ አላቸው። በአንጻሩ ጌጡን የሠራው ሰው ክብር አላገኘም። ቤተ እስራኤልን ጨምሮ ብረትና ብር የሚቀጠቅጡ ወገኖች መሬት ተነፍገው፣ «ቡዳ» ተብለው ኖሩ፤ ሙሽራዋን ያስጌጠው ሰው ሠርጓ ላይ ከሰው እኩል ሳይቀመጥ ቀረ። ይህ በጌጥ ታሪካችን ላይ የተቀመጠ ትልቅ እድፍ ነው፤ ስለ ጥበቡ ሲወራ ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

ወርቅ የሁሉ አልነበረም። በነገሥታቱ ዘመን ወርቅ ማድረግ ለንጉሣውያን ቤተሰብና ንጉሥ ለፈቀደለት ባለማዕረግ የተጠበቀ ነበር፤ ሌላው ቢኖረውም በብር ያጌጣል። የዚያን ዘመን የቤተ መንግሥት ጌጥ ለማየት ዛሬ ለንደን መሄድ ግድ ይላል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከምርኮው ጋር የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ቀሚስና የብር ጌጦች ወሰደ። የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የቴዎድሮስ ባለቤት ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ላይ አረፉ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስመልክቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ቀሚሳቸውንና ጌጣቸውን ለሕዝብ አሳየ። የኢትዮጵያ መንግሥት ንብረቱ ይመለስ ሲል የሙዚየሙ ኃላፊዎች ረጅም ውሰት አቀረቡ። የአንዲት ሟች ሴት የአንገት ጌጥ ለልጆቿ አገር በውሰት ሊሰጥ ሲታሰብ መስማት ያማል።

ጠገራው በብዛት ወደ ጌዴኦ የወረደው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ነው። የምኒልክ ጦር ደጋውን ያዘ፤ ሕዝቡ በመንግሥት መዝገብ «ደራሳ» ተብሎ ተጻፈ፤ መሬቱ ለነፍጠኛ ተከፋፍሎ ገበሬው ገባር ሆነ። ጌዴኦ ያለበትን ሲዳሞን ለረጅም ዘመን የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ነበሩ። በእንሰት ጥላ ሥር የሚያድገው ቡና እየተስፋፋ የሄደው በዚህ ጊዜ ነው፤ ግብር የሚከፈልበት፣ ባለመሬቱ የሚበለጽግበት ሰብል ሆነ። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ የቡና ጉዞ አጠረ፣ ዲላም የቡና ገበያ ሆና አደገች። ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት የራሳቸው ብር ነበር፤ ክብደቱም ከጠገራው እኩል። ገበያው ግን ጠገራውን መረጠ። ነጋዴው የንግሥቲቱን ፊት ያውቀዋል፤ አንጥረኛውም ሲያቀልጠው ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። ሙሐመዳሊን የመሳሰሉ ከጉጅራት የመጡ ሕንዳውያን የንግድ ቤቶች ጨርቅና የውጭ ሸቀጥ ከሐረርና ከአዲስ አበባ እያሰራጩ ነበር፤ አርመን አንጥረኞችም ለቤተ መንግሥቱ ወርቅ ይሠሩ ነበር። የጌዴኦ ገባር ሚስት ከዚህ ሁሉ የደረሳት ምናልባት አንድ ጠገራ ነው፤ እሱም ግብር ሲመጣ የሚወጣ።

ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የጠገራውን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ውስጥ መምታት ጀመረ፤ ሰው የሚቀበለው ገንዘብ ሳይኖር ጦር መቀለብ አይቻልምና። እንግሊዞችም በበኩላቸው ለንደን ላይ መቱ። እ.ኤ.አ. በ1940ና በ1941 ለምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ የሚሆነው ጠገራ በቦምቤይ ተመታ። እናም ከአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ ከሚገኙት፣ 1780 ከተጻፈባቸው ሳንቲሞች መካከል ሕንድ ውስጥ የተወለዱ አሉ። ከሕንድ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ፣ ተበስቶ በሙሽራ አንገት ላይ የዋለ ብር።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ፤ ጠገራው ከመገበያያነት ተሰናበተ። ከአዲሱ ገንዘብ ጋር የመጣችው የሃምሳ ሳንቲም ሳንቲም ከብር የተሠራች ነበረች፤ በውስጧ ያለው ብር ከተጻፈባት ዋጋ ስለበለጠ ከገበያ እየጠፋች ሄደች። ጠገራው ግን ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ ብቻ ቀረለት፦ ወይ አንጥረኛ ጥዋ ውስጥ መቅለጥ፣ ወይ እንዳለ ማንጠልጠያ ወጥቶለት ጌጥ መሆን። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ የተደረደሩት የጌጣ ጌጥ ሱቆች ለውጭ አገር እንግዳ የአንገት መስቀልና የጠገራ ሐብል ይሸጡ ነበር። ከገጠር በሚዛን የተገዛ የሙሽራ ብር በሻንጣ ወጣ። ያን ጊዜ ሀብታም ነኝ የሚል ከተሜ ብርን የድሮ ሰው ጌጥ አድርጎ ወደ ወርቅ ዞሮ ስለነበር የተከላከለለት አልነበረም።

ወርቁ ለዲላ ቅርብ ነው። ከጌዴኦ በስተምሥራቅ፣ በጉጂ ምድር፣ የአዶላ የወርቅ መሬት ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲቆፈርና ሲታጠብ ኖሯል፤ ከተማዋ ክብረ መንግሥት ተባለች። በአፈ ታሪክ ጌዴኦና ጉጂ የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ ደራሶ ታላቁ፣ ጉጆ ታናሹ። ይጋባሉ፣ ይገበያያሉ፣ አንዱ በቡናና በእንሰት፣ ሌላው በከብት። የቡናው ሀብት ግን በንጉሡ ዘመን በባለመሬቱ እጅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ገበሬው ሚችሌ በተባለ ቦታ ተነሣ፤ ጦርና ዱላ ይዞ የመጣው ሕዝብ በጠመንጃ ተመለሰ። በዚያ ዓመት የጌዴኦ ገበሬ ልጅ በወርቅ አላገባችም።

በዚሁ ዘመን ሁለት ነገሮች የደቡብን ሙሽራ መልክ ቀየሩ። አንዱ ትምህርት ነው። ከሕንድ፣ በተለይም ከኬረላ፣ ብዙ መምህራን በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ሊያስተምሩ መጡ፤ መምህርቶቹና የመምህራኑ ሚስቶች በሥራ ቀን ሳይቀር የወርቅ አምባርና የጋብቻ ሐብላቸውን አድርገው ይታዩ ነበር። ወርቅ የሠርግ ቀን ብቻ ሳይሆን የዘወትር ሊሆን እንደሚችል የከተማ ልጆች ያዩት በእነዚህ ሴቶች ላይ ነው። ሌላው ወንጌል ነው። በጌዴኦ የሚሲዮኖች ሥራ ሲሰፋ ያመኑት ጨሌያቸውን ጣሉ። ጨሌ ከውቃቢና ከመንፈስ ጋር የተያያዘ ስለነበር የእምነት ለውጥ ምልክቱ እሱን አውልቆ መተው ሆነ። የሃይማኖቱን ጉዳይ ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ፤ የጌጥ ታሪክ ለሚከተል ሰው ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ የዶቃው ጥበብ ከብዙ ቤት ወጣ። ዛሬ ደራሮ በሚባለው የጌዴኦ የምስጋና በዓል አደባባይ ላይ ዶቃ ለብሰው የሚታዩት ወጣቶች አብዛኞቹ ከአያታቸው የወረሱትን ሳይሆን ለበዓሉ የተገዛውን ነው የሚያደርጉት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ የጌዴኦ ገበሬ የቡና ዛፉ ባለቤት ሆነ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1975፣ ብራዚል ላይ ውርጭ ወረደና የዓለም የቡና ዋጋ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ዋጋው ግን አብዛኛው በመንግሥት ግዢና በቀረጥ በኩል አለፈ፤ የደርግ ዘመን ጦርነት ልጆችን ወሰደ፤ ሠርግም አነሰ። ስለ እነዚያ ዓመታት የጌጥ ወግ የሚባል ብዙ የለም።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን ወርቅ ቤት በየከተማው ተከፈተ። የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ለመላው አገር ዲዛይን ያወጡ ነበር፤ ከዱባይ የሚገባው ወርቅ ደግሞ የሕንድና የዓረብ ቅርጽ ይዞ መጣ። የዲላ ቤተሰብም ሠርግ ሲደርስ አንድ ቀን ለሐዋሳ ወይም ለአዲስ አበባ ይመድባል። በጉጂ ምድር ያለው የለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ጀምሮ በ1997 ለሚድሮክ ኩባንያ ተሸጠ። ከዚህ ሁሉ ለሴቷ የሚበልጠው ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ተጋቢዎች በጋብቻቸው ቀን የነበራቸው፣ ከዚያም በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኙት ንብረት የግል ንብረታቸው ሆኖ ይቀጥላል። በጥሎሽ የተሰጠ ወርቅ የእሷ ነው ማለት ነው፤ ለወግ ያህል ታይቶ ወደ አማት ሣጥን የሚመለስ አይደለም።

ወርቁ የእሷ መሆኑ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በ2010 ዓ.ም. ታየ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ድንበር ላይ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ፤ ገደብና ይርጋጨፌ በተፈናቃይ ተሞሉ። የቡና ዛፍ አይሸከሙትም፣ እንሰት አይሸከሙትም፣ ቤት አይሸከሙትም። ከአንገትና ከጣት ላይ ያለው ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። በዚያው ዓመት ግንቦት የለገ ደምቢ ማዕድን ፈቃድ በአካባቢው ሕዝብ ተቃውሞ ምክንያት ታገደ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ትክል ድንጋዩ፣ ጥቅጥቅ ያለው የእንሰትና የቡና ጓሮ፣ ሶንጎ የሚባለው ሸንጎና ባሌ የሚባለው የዕድሜ እርከን ሥርዓት አንድ ላይ ዕውቅና አገኙ። በዚያው የኢትዮጵያ ዓመት መገባደጃ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ የዶላር ዋጋም በአጭር ጊዜ በእጥፍ ገደማ ዘለለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2025 የአረቢካ ቡና በፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ፤ በጥቅምት ደግሞ የወርቅ አውንስ ከ4,000 ዶላር በላይ ወጣ። ቡናም ወርቅም አብረው ሲወጡ የዲላ ሙሽራ ወላጆች ያገኙትን ያህል አጡ። አርቴፊሻልና የወርቅ ቅብ፣ ከሙሽራ ልብስ ጋር የሚከራይ ጌጥም ቦታ ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከወርቅ ቤቶቹ ብዙዎቹ ቦታ ቀየሩ።

የዛሬዋ ሙሽራ እንዴት ትልበስ ለሚለው ይህ ታሪክ መልስ አለው። የደቡብ ሕንድ ሙሽራ ከግንባር እስከ ወገብ በወርቅ ትሸፈናለች፦ በፀጉር ክፍያዋ ላይ የሚወርድ ሰንሰለት፣ ጂሚኪ የሚሉት ደወል መሳይ ጉትቻ፣ ካሱ ማላ፣ የክንድ ቫንኪ፣ የወገብ ኦዲያናም። የካንቺፑራም ሐር ከባድና ደማቅ ስለሆነ ያን ሁሉ ይሸከማል። የእኛ ሸማ ግን ነጭና ቀላል ነው፤ ጥልፉ ደግሞ ከአንገት ጀምሮ ደረት ላይ ይወርዳል። በጥልፉ ላይ ረጅም የሳንቲም ሐብል ሲደረብ ሁለቱም ይጠፋሉ። ለሐበሻ ቀሚስ አጭር፣ አንገት ላይ የሚያርፍ አንድ ጌጥ ይበቃል። ሹሩባ ለተሠራች ሙሽራ ዓይን የሚያርፈው ግንባርና ጆሮ ላይ ስለሆነ፣ የትግራይ ሴቶች በሹሩባቸው ላይ ወርቅ ሲያወርዱ አንገታቸውን የሚያቀሉት በብልሃት ነው። ከባዱ ድሪ፣ የጠገራ ሐብልና የብር መስቀል ቦታቸው መልስ ነው። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀይ ካባ ላይ ብር ከወርቅ ይበልጣል፤ የካባው ወርቃማ ጥልፍ ካለ ጌጡ ብር ቢሆን ይለያል፣ ወርቅ በወርቅ ላይ ግን ይዋጣል። ዶቃ የሚወዱ ቤተሰቦች ከሠርጉ ማግስት ላለው ፕሮግራም ቢያደርጉት ከባህል ልብሱ ጋር ይሄዳል፤ ከነጩ ቬሎ ጋር ግን አይስማማም። የአያት አምባር በቤት ካለ አይቅለጥ። እንደ አዲስ የሚሠራለት አንጥረኛ ይገኛል፤ ያን የተገመደ ክር መልሶ የሚያወጣ ግን በየቀኑ እየቀነሰ ነው።

ወርቅ ቤት የሚገባ ሽማግሌም የሚጠይቀው አለ። 750 ማኅተም ያለበት ባለ 18 ካራት፣ 875 ባለ 21፣ 916 ደግሞ ባለ 22 ካራት ነው፤ ማኅተሙን በማጉያ መስታወት አሳዩኝ ማለት ነውር የለውም። ግራሙ በፊቱ ይመዘን፤ ድንጋይ ካለበት የድንጋዩ ክብደት ይቀነስ። የወርቁ ዋጋና የእጅ ዋጋ ተለይተው ይነገሩት፤ ጌጡ አንድ ቀን ቢሸጥ የሚመለሰው የወርቁ ብቻ ነውና። ለችግር ቀን የታሰበ ከሆነ ወፍራምና ቀላል ሥራ ያለው አምባር ይግዛ፤ ለውበት ከሆነ የክር ሥራ ያለውን ይምረጥ። ከዚያ ደረሰኙ በሙሽራዋ ስም ይጻፍ፤ ጥሎሹ በእልልታ ሲከፈት ሽማግሌዎቹ የሚያነቡት ዝርዝርም ቅጂው ለእሷ ይድረስ።